ሳሊሀ የምትጠርገው ቱቦ

ሳሊሀ ዱሮ ዝናብ የምትፈራ ሰው አልነበረችም። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ዝናብ ፈርቶ የት ይደርሳል? በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ታች የምትወርደው ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ የስፌት መኪናዋን ጠበቅ አድርጋ ትረግጥ ነበር እንጂ ቀና ብላም አታይም። ፊት ለፊቷ ስለምኖር አውቃለሁ።

ባሏ ፋሂም ዕድሜውን ሙሉ ከሊሙ ገነት ቡና ሲጭን የኖረ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልንቀሳቀስ አለ። አማርኛውም አብሮ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሚወጡት ጥቂት የልጅነቱ የኦሮምኛ ቃላት ናቸው። ቁመቱ ረጅም፣ አጥንቱ ከባድ ነው። ሳሊሀ ለብቻዋ ልታገላብጠው ትችላለች፤ ልታነሳው ግን አትችልም። አንድ ልጃቸው ማሂራ ሰርቦ አግብታ እዚያው ትኖራለች።

በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሊሀ ክር ልትገዛ ገበያ ወጣች። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛት። አንድ ሱቅ በር ላይ ተጠልላ ጥቂት ጠበቀችና ልቧ አላስችል ሲላት እየበሰበሰች ሮጠች። ሰፈር ስትደርስ የጎርፉ ቦይና መንገዱ አይለዩም ነበር። የቤቷን በር ስትከፍት ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ጫማ፣ ጨርቅ፣ የተቆረጠ የሰው ቀሚስ ይንሳፈፋል። የፋሂም አልጋ ዝቅተኛ ነበር፤ ውሃው ፍራሹን አልፎ ደረቱ ላይ ወጥቷል። እሱ በግራ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ አንገቱን ቀና ለማድረግ ይታገላል። ዓይኑን ብቻ ነው ያየችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ያን ዓይን አይታው አታውቅም።

ልታነሳው ሞከረች፤ አቃታት። ጮኸች፤ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ የተነሳ እኛ ጎረቤቶቿ አንዳችን አልሰማንም። አልጋው ላይ ወጥታ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ያለ የሌለ ትራስ ከሥሩ ጎዘጎዘች። ውሃው አገጩ ሥር ደረሰ። እሷ ዱዓ ታደርጋለች፣ እሱ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ውሃው እስኪጎድል ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት አታውቅም።

ከጎደለ በኋላ ልብሷን ሳትቀይር ወጣች። ቦዩ በቤቷ ጥግ አልፎ፣ መንገዱን በሲሚንቶ ቱቦ ሥር ለሥር ያቋርጣል። የቱቦው አፍ ተደፍኗል። እጇን ሰዳ ጎተተችው፤ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ከላይ ሰፈር የሚደፋ የቡና ገለባ፣ አንድ አሮጌ ሸራ ጫማ።

“እቅፍ አይሞላም ነበር” አለችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ። “እቅፍ የማይሞላ ፌስታል ባሌን ሊገድለው ነበር። ከጎርፉ ይልቅ ያ ነገር አስፈራኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሊሀ ሌላ ሰው ሆነች። ሰማይ ሲጠቁር ስፌቱን ጥላ መስኮቷ ላይ ትቆማለች። የአልጋውን እግሮች በብሎኬት ላይ ሰቀለች፤ ከጣራው ወራጅም ወፍራም ገመድ አሰረች፣ ፋሂም በደህና እጁ እንዲይዘው። ገበያ መሄድ አቆመች። ዘወትር ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዛ ቱቦው ጋ ትወርዳለች። የያዘውን ሁሉ ትጎትትና ፌስታሉን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ ታደርጋለች። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሰፈሩ ሰው ግን ሳቀ። “ሳሊሀ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠረች” ከሚሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ገለባውን በጆንያ እየሞላች ከወጥ ቤት ጥራጊና ከአመድ ጋር ውሃ እያርከፈከፈች አስቀመጠችው። ወራት ቆይቶ ጥቁር አፈር ሲሆን እዚያው ጆንያው ላይ ጎመን ተከለችበት። ማሂራ ከሰርቦ ስትመጣ አንድ እስር የቬቲቨር ሳር ይዛላት መጣች፤ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈር የሚይዘውን። እሱን ከፋፍላ በቦዩ ዳር ተከለች። ከአሸንዳዋ ሥር በርሜል አቆመች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ሰፈር አረንጓዴ ይሁን ብላ አይደለም። ፈርታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቿ፣ ጽጌና ባሏ አሞጽ፣ ግቢያቸውን ከዳር እስከ ዳር የሲሚንቶ ሊሾ አስደረጉት። ከዱራሜ መጥተው የተከራዩትን ቤት በመጨረሻ የራሳቸው ያደረጉ ሰዎች ናቸው። አሞጽ አናጺ ነው። ጽጌ ከጭቃ በመገላገሏ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ጠዋት ማታ ታጥበዋለች። የግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን ሳሊሀ መስኮቷ ላይ ቆማ አየች። ድሮ መሬት የሚጠጣው ውሃ አሁን በሊሾው ላይ ተንሸራትቶ፣ በአጥሩ ሥር ወጥቶ፣ ተወርውሮ ይወርዳል። ቦዩ በአሥር ደቂቃ ሞላ።

ሦስት ጊዜ ጽጌ በር ድረስ ወጥታ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ምን ትበል? ሰው ለፍቶ ያሠራውን አፍርሽልኝ ይባላል? በአራተኛው ጽጌ ራሷ በሩ ላይ አገኘቻት።

“አዴ ሳሊሀ፣ ደህና ነዎት? ምነው ፊትዎ?”

“ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጽጌዬ፣ ማሎ፣ እባክሽ አትቀየሚኝ። ይሄ የግቢሽ ውሃ...”

“ግቢዬ ምን ሆነ?”

“ቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚወርደው።”

የጽጌ ፊት ተለወጠ። “ታዲያ ሊሾውን ላፍርስልዎት?”

“አላልኩም። ከአሸንዳሽ ሥር በርሜል ብታደርጊ፣ ከቻልሽ ደግሞ በአጥሩ ዳር ትንሽ አፈር...”

“ለአሞጽ እነግረዋለሁ” አለችና በሩን ዘጋች።

ሳሊሀ ጎረቤት አጣሁ ብላ ወረደች። ያን ሰሞን ጠዋት ቱቦውን ስትጠርግ እንኳ ቀና ብላ ወደ ላይ አታይም ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጽጌ የመዝሙር ቡድን ልብሷን ልታስጠብብ መጣች፤ ሌላ ቅርብ ሰፊ ስላልነበረ እንጂ ኩርፊያው አልለቀቃትም። ሳሊሀ ስትለካት ጽጌ በተከፈተው በር የውስጡን ክፍል አየች።

“አልጋው ለምን እንዲህ ከፍ አለ?”

“ውሃ እንዳይደርስበት።”

“ገመዱስ?”

ሳሊሀ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ የዚያን ቀኑን ነገረቻት፤ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ መቀመጧን፣ መጮኋን። ጽጌ ወደ ውስጥ ገብታ የፋሂምን እጅ ጨብጣ ሰላም አለችውና ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የዲጂኖ ድምፅ ተሰማ። አሞጽ በአጥሩ ዳር አንድ ክንድ ስፋት ያህል ሊሾውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሰበረ ያነሳል። ጽጌ ደግሞ መጥታ ከቬቲቨሩ ቆንጥራ እንድትሰጣት ጠየቀች። ከአሸንዳቸው ሥር ሁለት በርሜል ቆመ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰማዩ ድብን ብሎ ጠቆረና ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሳሊሀ በሩን ዘግታ ፋሂም አጠገብ ተቀመጠች። ቦዩ መጀመሪያ ውሃውን ችሎት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። የሚሮጥ ውሃ ድምፅ ታውቃለች፤ ይሄ የሚጠራቀም ውሃ ድምፅ ነው። በሩን ገርበብ ስታደርግ ውሃው ደፍ ላይ ደርሷል፤ ከቱቦው አፍ ላይም አንድ ትልቅ ነገር ተወትፎ ውሃው ላዩ ላይ ይሽከረከራል።

ብረቱን አየች፤ ፋሂምን አየች። ብትወጣ ፋሂም ብቻውን ነው። ብትቀመጥ ውሃው ይገባል። ወለሉ ላይ ቀጭን ውሃ ሲሮጥ ሁለቱም አዩት።

“ሃዳ ማሂራ” አላት ፋሂም፣ የማሂራ እናት ማለቱ ነው። ገመዱን በግራ እጁ ጨበጠ። “ዴሚ።”

ሂጂ አላት። እንደገና ሲላት ብረቱን ይዛ ወጣች።

ቦዩ ውስጥ ስትገባ ውሃው ወገቧ ላይ ደረሰ፤ ቀዝቃዛና ጭቃ የበዛበት። የወተፈው ገለባ የሞላበት ጆንያ ነበር፤ ከላይ የሆነ ሰው የጣለው ወይም ጎርፉ ይዞት የመጣ። በብረቱ ሳበችው፤ አልነቃነቅ አለ። ውሃው እግሯን ወደ ቱቦው ይጎትትባታል። እወድቃለሁ፣ እሱም እዚያ ውስጥ ይሞታል ብላ አሰበች። በዚህ መሃል የሆነ እጅ ከኋላ ወገቧን ያዘ።

“ይዤዎታለሁ” አለች ጽጌ። ነጠላዋን በሳሊሀ ወገብ ዙሪያ አዙራ፣ ሌላውን ጫፍ በአጥሩ እንጨት አሳልፋ እጇ ላይ ጠመጠመችው። “አሞጽ ሥራ ላይ ነው። ሰው ተጣርቻለሁ፤ የሰማኝ የለም።”

“አልወጣም አለኝ።”

“ይቅደዱት።”

ሳሊሀ ያኔ ነው የሽርጧ ኪስ ውስጥ ያለው መቀስ ትዝ ያላት። ጎንበስ ብላ፣ አገጯ ውሃ እየነካ፣ በዳበሳ ጆንያውን ወጋችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ገለባው በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ቱቦው ዋጠው፤ ባዶውን ጆንያና ክንዷንም አብሮ ሳበ። እስከ ትከሻዋ ገባች። ጽጌ ነጠላውን በሙሉ ኃይሏ ወደ ኋላ ጎተተች፤ ሁለቱም ጭቃው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። መቀሱ ሄደ። ውሃው ግን ሲጎድል ይታይ ነበር።

እኔ በሬን የከፈትኩት ያኔ ነው። ሁለት ሴቶች እየተንፏቀቁ ወደ ቤት ሲገቡ አየሁ። ተከትዬ ስደርስ ወለሉ ላይ ሦስት ጣት ውሃ ቆሟል። ፋሂም ገመዱን እንደጨበጠ ነው፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሳሊሀ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከገመዱ አላቀቀቻቸው። ክንዷ ከክርኗ በታች ተልጦ ይደማ ነበር፤ እስኪነገራት አላወቀችም።

ያን ቀን ከእኛ ሰፈር በታች ውሃው ሁለት ቤት ገብቷል። እነዚያ ሰዎች የሚተኙበት አጥተው ጽጌ ቤት አደሩ። ጆንያው የእኔ ነው ብሎ ያመነ የለም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ገለባ ቦይ ውስጥ የሚደፋ አላየሁም። ፈላጊው በዝቷል፤ ሰው ሁሉ ጎመን ተክሎበታል። መንገዳችን ላይ ያለን ቤቶች ቦዩን በየደጃችን ተከፋፍለን እንጠርጋለን። የእኔ ድርሻ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በአጥሬ ሥር ያለው ቬቲቨር ከጽጌ ግቢ የመጣ ነው፤ ዘንድሮ ጉልበቴ ላይ ደርሷል።

ሳሊሀ ግን ዛሬም ትፈራለች። አንድ ቀን፣ አሁን ሁሉም ሰው ስለሚጠርግ ትንሽ ቀለል ብሏት እንደሆን ጠየቅኳት።

“አልቀለለኝም” አለች፤ አዲሱን መቀሷን እየሳለች ነበር። “ግን አሁን ብቻዬን አይደለም የምፈራው።”

ባለፈው እሑድ አገልግሎት ሳያልቅ ዝናብ ጀመረ። ጽጌ የመዝሙር ልብሷን እንደለበሰች ከቤተ ክርስቲያን ሮጣ መጣች። ሳሊሀ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ጎን ለጎን ቆመው ቦዩን አዩት። ውሃው እየጮኸ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ሲያባራ ጽጌ ወደ ቤቷ ወጣች፤ ሳሊሀም የፋሂምን ሸሚዝ ልትቀይርለት ገባች።