ለትርንጎ የነገርኳት ደስታ

አገር የሚለቀቀው በጨለማ ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት በእሑድ ረፋድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የመንደራችን የዘንገና ጭቃ ጫማዬን እየያዘኝ ነው። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲቆም በአዊኛ፣ «ስትደውል እንዳታማርር። የሚያማርር እግዜርን ይከሳል። ተመስገን፣ ደስ ብሎኛል በል» አለችኝ። ቁም ነገር ስትናገር አማርኛ አይበቃትም። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከኋላዋ ቆማ ሻንጣዬን በዓይኗ ትመዝን ነበር።

ከመተማ ወዲያ ስላለው በረሃ አልጽፍም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አያምነኝም። ካርቱም ግን፣ እኛ አገር አዲስ ቅዳም ከሰል ያከሰላችሁ፣ ሙቀት የምታውቁ እንዳይመስላችሁ። እኔም አክስያለሁ፤ እዚያ ሲበዛብህ ዞር ትላለህ፣ እዚህ መዞሪያ የለም። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣ አላቸው፤ እንጀራ ይመስላል፣ ዓይን የለውም፣ ወረቀት ነው። በልቼ ተመስገን አልኩ።

ጣሪያቸውን ያከራዩኝ ሴትዮ ጠዋት ስዘምር ሰምተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ማን ሞተብህ?»

«ማንም፣ ሐጃ። እያመሰገንኩ ነው።»

«ታዲያ ጌታህ ምን ቢያደርግህ ነው እንዲህ የምታለቅስለት?»

ከሻ የሚሉት አፈሳ አለ። ፖሊሱ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀት፣ ጠየቀኝ። የለኝም፤ ፈገግ አልኩ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ደስታን መርጬ ነው» አልኩት በተሰባበረ አረብኛዬ።

ለጓደኛው ነገረው፣ ተሳሳቁ። ከዚያ በጥፊ አጮለኝና «አሁንስ?» አለኝ።

«አሁንም።»

በሁለተኛው አንድ ጥርሴ ወለቀ።

ፈገግታዬ ውሸት አልነበረም። ወስደው ያሰሩኝ ቦታ ሌላው ሲራገም እኔ ዓይኔ በመከፈቱ አመሰግን ነበር፤ በእግሬ ያቆመኝም እሱ ነው። ጥፋቴ ሌላ ነው። ለእናቴና ለትርንጎ ደስ እንዳለኝ ነገርኳቸው፣ ምን ውስጥ ሆኜ እንደሆነ ደበቅኳቸው።

በየእሑዱ ስደውል ትርንጎ ስልኩን ከእናቴ ትቀማለች።

«እንዴት ነህ ጋሼ?»

«ተመስገን፣ ደስ ብሎኛል።»

«ቤቱስ?»

«ከፍ ያለ ነው፣ ከተማው ሁሉ ይታያል።»

ጣሪያ መሆኑን አልነገርኳትም።

በሰባተኛው ወር ትምህርቷን ትታ ልትመጣ መሆኗን አረዳችኝ። ያኔ ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ጣሪያውን፣ እስሩን፣ ጥርሴን። ሳቀች።

«ብቻህን ልትበላው ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደስ ሲልህ ከርመህ እኔ ልመጣ ስል ከፋህ?»

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። «ልጄ፣ ማማረር ጀመርክ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ለታመመ ሰው የሚናገሩበት ነበር።

አንድ ነገር አፍሬ አስቀርቼ ነበር። ከእኔ ጋር ከወጡት አራት ሴቶች ካርቱም የገባችው አንዲት ናት። እሷም ከደረሰች ወዲህ አትናገርም።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ብቻዋን አነሳች።

«ትርንጎ ረቡዕ ወጣች። ብታያት፣ ደስታዋ!»

«ከማን ጋር?»

«አንተን ከወሰደህ ደላላ ጋር። የታመነ ነው ብዬ።»

«ልደውልላት፣ መተማን ሳትሻገር ልመልሳት።»

«ስልኳን እንዳይጠፋባት ብሎ እሱ ይዞላታል።»

«እንዴት ለቀቅሻት?»

«ምነው? አብራችሁ ልትሆኑ እኮ ነው። ደስ አላለህም?»

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ከወጣች ሦስተኛው እሑድ ነው። ትርንጎ አልደረሰችም። እናቴ እየደወለች ነው።