ትኩሳቱን የጠበቅንበት ሳምንት

ዛሬ ልጄ ለምርመራ ጣቷን ስትወጋ የአልኮሉ ሽታ አያቴን አስታወሰኝ።

በልጅነቴ፣ ዋጃ ሳለን፣ ትኩሳት እየለቀቀ ይመላለስብኝ ነበር። ቆቦ ጤና ጣቢያ ለምርመራ እስክንደርስ ይበርዳል፤ ደሜ ታይቶም "ምንም የለባትም" እንባላለን። በሦስተኛው ጊዜ አያቴ፣ "ሌባ የሚያዘው ቤት ሲገባ ነው፤ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን" አሉ። ማሽላቸውን ከወፍ የሚጠብቁበት ሰሞን ነበር። እሱን ትተው እዚያው ቆቦ ዘመድ ቤት ይዘውኝ አረፉ።

በስድስተኛው ቀን ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። አያቴ አዝለውኝ እየሮጡ ጤና ጣቢያው ገቡና፣ "መጣላችሁ፣ አሁን እዩዋት!" አሉ። መርማሪዋ ማይክሮስኮፑ ላይ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆየች።

"ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ነው፣ ቅማል የሚያመጣው። ትኩሳቱ ሲበርድ ተህዋሱ ደም ውስጥ አይታይም" አለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ስሙ ታወቀ!" ብለው አያቴ እያለቀሱ ሳቁ።

ታክሜ ዋጃ ስንመለስ ግማሹን ማሽላ ወፍ በልቶታል። አያቴ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ እኔም ልጅ ነበርኩና ሳላመሰግናቸው ሞቱ። ዛሬ የልጄን ጣት በጥጥ ይዤ፣ አላህ ይዘንላቸው አልኩ።