በቅጹ ጀርባ የነበረው ረግረግ

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ!» አላት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ፣ አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ ከፍ አድርጎ እያሳያት። «የሃያ ስድስት ዓመት ልፋትዎ እዚህች ውስጥ ገብቶ አለቀ። ከእንግዲህ በኪሴ ይዤዎት ልዞር ነው።»

ውሃ ለኪዋ የሳምንቱን ቅጽ ልታስረክብ መምጣቷ ነበር። ጫማዋ ላይ የረግረጉ ጭቃ ገና አልደረቀም። ልጁ ቀልደኛ እንጂ ነገረኛ አይደለምና ፈገግ አለችለት። ወዲያው ግን ዓይኗ ከኋላው ወዳለው መደርደሪያ ሄደ። ባለፈው ሳምንት እስከ ጣሪያው በካርቶን የታጨቀው መደርደሪያ ባዶ የብረት አጥንቱን ቀርቷል።

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱማ ተሸኘ። ትናንት መኪና መጥቶ ወደ ካርቶን ፋብሪካ ወሰደው።»

«ጀርባውንስ አንስታችሁታል?»

«የምኑን ጀርባ?»

«የቅጹን ነዋ!»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት በስካነሩ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አሳያት። «የፊት ገጽ ብቻ» ይላል፤ ከሥሩም በቀይ ተሰምሮበታል። «ጀርባው ባዶ ነው ብለን ነው እኮ እትዬ» አለ። ይህን ሲል ግን ድምፁ አነሰ፤ እጁ የገለበጣቸውን ወረቀቶች ማስታወስ ሳይጀምር አልቀረም።

በከተማው ዳር ባለው ረግረግ ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ እንጨት ተተክሏል። እሷ በየጠዋቱ በጀልባ ትሄድና ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ታነባለች፤ ሰባት ቀን፣ ሰባት ቁጥር፣ በሳምንት አንድ ቅጽ። የሚቀዝፍላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ሥራ በጀመረችበት ዓመት የነበሩት መሐንዲስ ቅጹን ገልብጠው «ማስታወሻ» የሚለውን ሰፊ ባዶ ቦታ አሳይተዋት ነበር። «ቁጥር ብቻውን አይበቃኝም፤ ውሃው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ» አሏት። በመጀመሪያው ሳምንት «ውሃው ደህና ነው» ብላ ጻፈች። በሁለተኛውም «ውሃው ደህና ነው»። «ይኼ የውሃ ነው ወይስ የበሽተኛ?» ብለው ሳቁባት። በሦስተኛው ሳምንት ከንዴቷ ብዛት መጻፉን ትታ ሳለችው።

ያላት መሣሪያ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ባለ ሁለት ጫፍ እርሳስ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ። የጎደላትን ከዚያው ከረግረጉ ወሰደች። በክረምት ጎርፉ የሚያመጣውን ቀይ አፈር፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚሰነጠቀውን ግራጫ ጭቃ፣ በመኸር ከሸምበቆው ሥር የሚዛቀውን ጥቁር ዝቃጭ በጣቷ ቀባች። አረንጓዴ ስትፈልግ ቅጠሉን ራሱን ወረቀቱ ላይ ታሸዋለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል በዚያው ሳምንት አፈርና ቅጠል የተሠራ ነበር። አስተማሪ አልነበራትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሸምበቆዋ የማበጠሪያ ጥርስ፣ ወፎቿ የበር ቁልፍ ይመስሉ ነበር። ጭጋግ መሳል የቻለችው በዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ጭጋግ ማለት ወረቀቱን አለመንካት መሆኑ የገባት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሳለችውን አይቶ ወንድሟ «አሁንስ እግሬ ረጠበ» ይላት ነበር።

ወንድሟ በሁሉም ውስጥ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ፣ መቅዘፊያውን ይዞ፣ ከጥፍር በማይበልጥ ጀልባ ላይ። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበርና ከመታወቂያው በቀር ሌላ መልክ አልተወም። አምና ክረምት ሲገባ የሳንባ ምች በአምስት ቀን ወሰደው።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ሰውየው በአሥር ዓመት ታናሿ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት የለም፤ በዚህም ይኮራል።

«ይረጋጉ እትዬ። አንድም መረጃ አልጠፋም።»

«ሥዕሎቹ ጠፉ ነው የምልዎት!»

«ሥዕል የሚባል ነገር በመዝገባችን የለም። እንዲያውም በመሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ መሳል ራሱ ያስጠይቃል። ማን ፈቀደልዎት?»

«ቅጹ! ቦታ ሰጥቶ ንገሪኝ ያለኝ ቅጹ ነው።»

«ዋናው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ተርፏል።»

«ቁጥሩን እንጨቱም ያውቀዋል! መቶ አርባ በክረምት ጎርፍ ነው። መቶ አርባ በበጋ ግን መውጫው በአረም ተደፍኖ ነው። የትኛው እንደሆነ በምን ልታውቅ ነው አንተ? አንድ ቀን እንኳ ሄደህ አይተኸዋል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብላው አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት፤ ግን መልሳ አልዋጠችውም።

ስትወጣ ከኃላፊው ይልቅ ያበሳጫት የራሷ ሞኝነት ነበር። ወንድሟ ስንት ጊዜ «አንዱን እንኳ ቤት አስቀሪ» ብሏታል! «የመሥሪያ ቤት ወረቀት አይሰረቅም» እያለች በየሳምንቱ አጥፋ ስታስረክብ ኖረች። ደግሞም የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፤ መዝገብ ቤት ግን ደረቅ ነው፤ ወረቀት የሚኖረው እዚያ ነው ብላ አመነች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላትን ሁሉ ለሚጥሉባት ሰዎች በገዛ እጇ አቀበለች።

የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ነገሩን ስትሰማ መርፌውን ከአፏ አወጣችና የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ተነሺ» አለች። «እኔ ባሌን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።»

በፋብሪካው በር ፎርማኑ ተቀበላቸው፤ ወፍራም፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጭነት አሥራ አንድ ጆንያ ነበር፤ ስምንቱ ከጠዋት ጀምሮ ገንዳ ገብቷል። «እናቶቼ፣ ጅብ ከሄደ ነው የመጣችሁት» አለ አዝኖ።

«ውሻ ማለትህ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በል ዞር በል፣ ሳንነክስህ።»

ሳቀና አሳለፋቸው። የማታ ፈረቃ እስኪገባ ጊዜ ሰጣቸው።

ውሃ ለኪዋ ግን ቀድማ ወደ ገንዳው ሄደች። አንድ ክፍል የሚያህል የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ ውስጡ በውሃ የራሰ ግራጫ የወረቀት ሊጥ ይሽከረከራል። ከግራጫው መካከል አንዲት ቀይ ጭረት ወጥታ ዞረች፣ ቀጠነች፣ ጠፋች። የየትኛው ክረምት አፈር እንደሆነ አላወቀችም። የገንዳውን ጠርዝ በጡጫዋ መታች፤ አንጓዋ ተላጠ። ማሽኑ መሽከርከሩን አላቆመም።

ሁለቱ ሴቶች መሬት ተቀምጠው ከቀሩት ሦስት ጆንያዎች ውስጥ ለቀሙ። የሌላ ሰው ደረሰኝ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የፈቃድ ጥያቄ ወደ አንድ ወገን፤ የውሃው ቅጽ ወደ ሌላ ወገን። ፈረቃው ሊገባ ሲል ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት አወጡ። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ በላይ ከነበረው ያ ብቻ ተረፈ። ውሃ ለኪዋ ቀኑን እያየች ደረደረችና ፊቷ ጠቆረ። በሙሉ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ናቸው። የማበጠሪያ ጥርስ ሸምበቆ፣ የበር ቁልፍ ወፍ። ጭጋጉ የለም። የመሰለላት፣ የለፋችበት፣ የደረሰችበት ሁሉ ካርቶን ሊሆን ነው፤ የተረፈላት ማፈሪያዋ ነው።

«ይኼን ብትወስደው ይሻል ነበር!» አለች ለገንዳው።

ልብስ ሰፊዋ አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን ታያለች። «ይኼ ባሌ ነው ወይስ ሚስማር?»

«ሚስማር ነው። መሳል አልችልም ነበር አልኩሽ እኮ።»

«እዚህም ጀርባውን ሰጥቶኛል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ነበር፣ ጠርተሽው የማይዞር።» ወረቀቱን በሻሽዋ ጠቅልላ ጉያዋ አስገባች። «ይኼን አልመልስም» አለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት በሰባተኛው ቀን ውሃ ለኪዋ ራሷ ቀዝፋ እንጨቱ አጠገብ ደረሰች። ወቅቱ ውሃው መሸሽ የሚጀምርበት ነው፤ በዳሩ በኩል ሸምበቆው ከወገቡ በታች ቡናማ መስመር ያበጃል፣ ውሃው ትናንት እዚህ ነበርኩ የሚልበት። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አልገለበጠችውም። በፊተኛው ገጽ ላይ፣ በሰባቱ ሣጥኖች ላይ፣ በኃላፊው የፊርማ ቦታ ላይ ሳይቀር ሳለችው። እንጨቱን መሃል አቆመችና በየቀኑ ውሃው የደረሰበትን መስመር አሰመረች፤ ከየመስመሩ ጎን ቁጥሩን በሰማያዊ፣ ከሸምበቆው ግንድ የማይለይ አድርጋ ጻፈች። ጭጋግ በነበረበት ቀን በኩል ከቁጥሩ በቀር ወረቀቱን አልነካችም። ሰባቱም ቁጥሮች አሉ፤ ሰባቱም ትክክል ናቸው።

ቅጹ «ተበላሽቷል፣ ይደገም» ተብሎ ተመለሰ። ደገመችው፤ እንዲያውም ይበልጥ አሳምራ። እንደገና ተመለሰ፤ እንደገና ደገመችው። ኃላፊው ሌላ ለኪ ፈለገ፤ በዚያ ጭቃ በየጠዋቱ የሚገባ አልተገኘም። የወሩ ሪፖርት ቀን ደረሰ፤ ቁጥሩ ደግሞ ከሥዕሉ ውስጥ በቀር ሌላ ቦታ የለም።

ጸሐፊው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አቀርቅሯል፤ ከውሃ ለኪዋ ኋላ ሦስት ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ የማክሰኞው ቁጥር የት ነው?»

«ውሃው ውስጥ ፈልገው።»

ጣቱን በሸምበቆው መካከል እየሰደደ፣ ከግንድ ወደ ግንድ እያለፈ ቆየ። «መቶ አሥራ ስምንት?»

«አሥራ ዘጠኝ። ጠጋ ብለህ እይ።»

ጠጋ አለ። አፍንጫው ጭቃውን ሊነካ ደረሰ። ከተሰለፉት አንዱ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ «ይኼ ከከተማው ዳር ያለው ረግረግ አይደለም እንዴ?» አለ። ጸሐፊው ሰባቱንም ለቅሞ ጻፈ፤ ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጁ አንስቶ ስካነሩ ላይ አስተኛው፤ ብርሃኑም ከዳር እስከ ዳር አለፈበት።

ማለፉን ቆማ አየች። አላመሰገነችውም። ቦርሳዋን አንስታ፣ የመዝገብ ቤቱን በር ጓ አድርጋ ወጣች።