የተቀቀለ እንቁላል ለሃምስተሯ

ከጓደኛዬ ጋር ልብስ ስፌት አብረን ነው የተማርነው። እጇ ከእኔ ይልቅ ሥራ ያውቃል። አንድ ጥፋት ብቻ አለባት፤ እምቢ ማለት አይሆንላትም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያለው ሰው እሷን ሳያውቃት አልቀረም።

የወንድሟ ሚስት የወለደች ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት ብላ እቤታቸው ገባች። የተወለደችው ልጅ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የስፌት ማሽኗ ኮሪደር ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተጭኖባት ቀረች፤ ጓደኛዬም ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛው እዚያው ሥር ነው።

ዘንድሮ እኔ ሁለት ማሽን የሚይዝ ሱቅ ስከራይ፣ እንድትመጣ ለመንኳት። እሺ አለች፤ እሺማ መቼ ጠፍቶባት። ግን ይሄኛው እሺ ለራሷ ስለነበረ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ ለልጁ ሃምስተር የምትባል አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ ገዛላት። ልጅቱ አራት ቀን ተጫውታ ሰለቻት፤ እንስሳዋም እንደሌላው የቤት ሥራ ሁሉ አክስቲቱ ላይ ወደቀች። ለካ ስትገዛ ጀምሮ አርግዛ ኖሯል። የእንስሳት ሐኪሙ የሱፍ ፍሬ ብቻ አይበቃትም አለ። ከጥራጥሬውና ከቅጠሉ ጋር ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም ጨው ያልነካው ዶሮ። ፕሮቲን ያነሳት እናት ልጆቿን ልትበላ እንደምትችልም አስጠነቀቀ። ጓደኛዬ በየማለዳው እንቁላል ቀቅላ ጥፍር የምታህል ታቀርብላት ጀመር፤ የደበቀችው እንዳይበሰብስ ሰጋቱራውን ሳይቀር ትፈትሽላታለች። እሷ ራሷ ቁርስ ትብላ አትብላ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት የለም።

እሑድ ሃምስተሯ ስድስት ወለደች። ሰኞ ጓደኛዬ የምግቡን ዝርዝር ጽፋ ከሽቦ ቤቱ በላይ ለጠፈችና ማሽኗን ጭና እኔ ዘንድ መጣች። ወንድሟ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብሏት ነበር። አምስት ቀን እየዘፈነች ሰፋች። ዘፈን እንደምትችል እንኳ ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ እያለቀሰች ደወለች። ስድስቱ ሦስት ሆነዋል። አባትየው ለካ ሱፉን ብቻ ሲሰጥ ነው የከረመው፤ እሱን ስለምትወድ ነው አለ።

«የወንድምሽ ጣጣ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ» አልኳት።

መቀሱን አስቀመጠች። ማንም ተመለሺ አላላትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ጡት እስኪተዉ ነው» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ብቻ።»

ወር ጠብቄ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ማሽኗንም ራሴ ጭኜ ኮሪደሩ ላይ መለስኳት።

ትናንት ደወልኩላት። እንቁላል እየቀቀለች ነበር። ሦስቱም አድገዋል። አንደኛዋ ሆዷ ገፍቷል አለችኝ።