የኛማል መቅኒ ከየት ተገኘ

መጀመሪያ ያየሁት ጭኗ ላይ የበለዘውን ነው። የልጅ ልጄ ኛማል ባሮ ወንዝ ታጥባ ስትመለስ አየሁት። ማን መታሽ አልኳት። ማንም አለች። አላመንኳትም። አስተማሪዋን ጠረጠርኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ሰውየውን ትክ ብዬ ሳየው ቆየሁና ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። እኛ ጋ ትኩሳት ማለት ወባ ነው። ወባ የለባትም ሲሉኝ መሣሪያቸው ተበላሽቷል አልኩ። ሌላ ቦታ ወሰድናት። እዚያም የለም አሉ። ድዷ ደማ። አልቆም አለ።

አዲስ አበባ ላኩን። ሉኪሚያ ነው አሉን፤ የደም ካንሰር። ኬሞቴራፒ ጀመሩላት። ፀጉሯ አለቀ። ተሻላት። ደግሞ ተመለሰባት።

ሐኪሙ ጠራን። «አሁን የሚያስፈልጋት የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። የሚስማማ ሰጪ እንፈልግ። መጀመሪያ በእናትም በአባትም አንድ የሆኑ ወንድምና እህቶቿ ይመርመሩ» አለን።

ታላቅ ወንድሟን ቾልን አመጣን። በእኛ ቤት ነገር የሚጀምረው ከታላቅ ነው። ደሙን ወሰዱ። አልገጠመም። ታናሿ ኛኪም ፑኝዶ ከተማ አክስቷ ጋ ነበረች፤ እሷን አላመጣናትም። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ የቾል ካልሆነ የሷ በምን ይለያል አልን። ሌላም ነገር ነበር። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ከልጅ ጀርባ አጥንት ያወጣሉ፣ ልጁ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ አይሄድም ይሉ ነበር። ሐኪሙ ትንሿን አምጡ እያለ ሲጨቀጭቀን፣ ይሄ ሰው አንዷን ሊያድን ነው ወይስ ሁለቱንም ሊወስድብኝ ነው እል ነበር።

እሱም እኛን ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ የኛማል አባት የሞተው መቼ ነው?» አለኝ።

«ከመወለዷ ሁለት ዓመት በፊት» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ ልጅቷ እናት ዞሮ ተመለከተ። ምራቴን የሰደበብኝ መሰለኝና ልወጣ ተነሣሁ።

እዚያ ክፍል አንዲት ነርስ ነበረች፤ የጋምቤላ ልጅ፣ እንደኛው ኑዌር። «ጓንዶንግ፣ ቁጭ በል» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። ከዚያ የኛን ደንብ ለሐኪሙ አስረዳችው። ሰው ሲሞት ወንድሙ ሚስቱን ይይዛል፤ የሚወለዱት ልጆች ግን የሟቹ ናቸው፣ ቤቱ እንዳይዘጋ። ትልቁ ልጄ ጋትዌች ቾልን ወልዶ ሞተ። ታናሹ ልጄ ኮንግ የወንድሙን ሚስት ያዘ። ኛማልና ኛኪም ከኮንግ ተወለዱ፤ አባታቸው ግን ጋትዌች ነው። ኮንግን አጎት ነው ብለናቸው ስለነበር ደሙን የጠየቀው የለም። ያን ጊዜም ኮንግ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሐኪሙ ግንባሩን ያዘ። «ቾል በእናት ብቻ ነው የሚገናኛት። በሁለቱም የምትገናኛት ኛኪም ናት። ምነው ደበቃችሁኝ አባባ?»

«ዶክተር፣ አባቷን ጠየቅከኝ፣ አባቷን ነገርኩህ» አልኩት።

ነርሷ ሳቀች። «ጓንዶንግ፣ እሱ ደሙን ነው የሚፈልገው። ስሙን ከጋትዌች አይወስድብህም።»

የፈራሁት የስሙን መጥፋት ነበር። ልጄን ሁለተኛ የምቀብረው መስሎኝ ነበር።

ኛኪምን አስመጣን። ግን ከየት ነው የምትወስዱት አልኩ። ሐኪሙ አስነሣኝና ዳሌዬን በጣቱ ነካ። «ከዚህ በመርፌ ነው የምንቀዳው። ተኝታ ነው፣ አይሰማትም። አጥንት አይወጣም። መቅኒው ራሱን ይተካል።» ደጋግሜ ጠየቅኩት። ሌላ ሐኪምም ጠየቅኩ። አንድ ዓይነት መለሱ።

መረመሯት። ገጠመ።

ንቅለ ተከላው የሚሠራው ውጭ አገር ስለነበረ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችና ድንበር ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ተረባርበው ኮንግን ከምራቴና ከሁለቱ ልጆች ጋር ላኩልን፣ እኔም እቤት ቀርቼ በስልክ ምስል እከታተላቸው ጀመር። ኛማል ሌላ በሽታ እንዳይነካት መስታወት ቤት ውስጥ ናት፣ ደህና ናት ቢሉኝም ዓይኔ ኛኪም ላይ ነበር። «እስቲ ተራመጂ» አልኳት። ተራመደች። «ዙሪ» አልኳት። ዞረችና «ጓንዶንግ፣ አጥንቴን ቆጥረህ ጨረስክ?» አለችኝ። ከተመለሱ በኋላም ወገቧን በጣቴ ስዳስስ ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ያኔ ነው ያመንኩት።

ለመቅኒ ሰጪዋ ልጅ፣ ለዚያች ነርስ፣ ጥርጣሬዬን ሳይቆጣ ለቻለኝ ሐኪም እግዚአብሔር ይስጣቸው። እናንተም ልጅ የታመመባችሁ፣ መጠርጠር አይከፋም፤ ግን ጥርጣሬያችሁን ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ሐኪሙ ፊት አውጡት። ልጁን ማን እንደወለደው በግልጽ ንገሩ። ይህ የሟቹን ቤት አይዘጋም። ትናንት ኛማል ድና ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ያ የጠረጠርኩት አስተማሪ የተማሪዎቹን ስም ሲጠራ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። «ኛማል ጋትዌች» አለ። «አቤት» አለች።