ኒድ እና ዎንት

አክስቴ እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም ነበር፤ እኔ ለየቢሮው ስልክ ስደውልላቸው ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው ይቆጣጠሩኝ ነበር። «ዎንት አትበያቸው፣ ኒድ በያቸው» ይሉኛል። «ኒድ የግድ ነው፤ ዎንት ምኞት ነው። በሰው አገር ምኞት ማን ይሰማል?» ዋይትሆርን ሰፈር ያለው ቤታችን ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ በብርድ የተበላሸ ጊዜ አከራዩን እንደነገሩኝ «ኒድ» አልኩት፤ በማግስቱ መጥቶ ሠራው።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነርሷ፣ «ዱ ዩ ኒድ ኤኒቲንግ?» አለቻቸው።

«ኖ፣ ታንክ ዩ።»

እሷ ስትወጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሁሉም ምን ያስፈልግሻል ይሉኛል፤ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም።»

ልጠይቃቸው ወንበሬን ሳስጠጋ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከዚያ እንቅልፍ አልነቁም።

አሁንም ስልክ ስደውል ኒድ ነው የምለው፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ምን ፈልገው እንደነበር አላውቅም። እዚያ የሚቀበላቸው አምላክ ይጠይቅልኝ።