ሽማግሌዎቹን የሸኘን ቀን

እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን አባቴ ገና ሳይደርሱ ወንበሩ ላይ ተሰየመ። ተቀምጦ ይቀበላቸዋል፣ ተቀምጦ ይሰማቸዋል፤ ሲወጡ ደግሞ ወንድሜ ይሸኛቸዋል። አረማመዱን ካዩ ይሸሻሉ ብሎ ነው።

በእኛ ዘር ጭቃ ውስጥ እንዳለ ሰው ጉልበቱን ከፍ እያደረገ የሚሄድ አይጠፋም። ገጠር፣ ማንኪራ ያሉት ዘመዶቻችን እርግማን ነው ይላሉ፤ ማን እንደረገመን ግን ተስማምተው አያውቁም። አባቴን ጅማ ሆስፒታል ይዤው የሄድኩ ጊዜ ሐኪሙ የዘረመል ችግር ነው አለን። በሴል ውስጥ ዕቃ ወደየቦታው እንዲጓጓዝ የሚያደርግ ዘረመል አለ፤ እሱ ሲበላሽ ጭነቱ መንገድ ይቀራል። ረጅሙ ነርቭ የእግር ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው እግር ነው። አባቴ ነጋዴ ነውና ወዲያው ገባው።

"ሚዛን ከተማ የተላከ ዕቃ ገና መንገድ ላይ፣ ሺሺንዳ ወረደ ማለት ነዋ!" አለ።

ሐኪሙ ሺሺንዳን ባያውቃትም አዎ አለ። ልጆቹም የመውረስና ያለመውረስ ዕድላቸው እኩል እንደሆነ ነገረው።

የቀኝ እግሬ ጣት ምንጣፍ ላይ መደናቀፍ የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ልጁን እወደዋለሁ፤ እንዳላጣው ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ አባቴም እንደ ወጉ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ሊሄዱ ሲነሡ ወንድሜ በሩን ከፈተ። አባወራ ተቀምጦ ሽማግሌ ሲወጣ ማየት ግን ለአባቴ ከበሽታው ይብስበታል። ወንበሩን ጨብጦ ተነሣና ጉልበቱን እያነሣ፣ እግሩን ጧ ጧ እያደረገ ግቢውን አቋረጠ።

"ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"የዘር ነው። እናቴም ነበራት" አለና ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ሺሺንዳንም ጨምሮ ነገራቸው።

"ልጅቷስ?"

"እሷ ደህና ናት" አለ፣ ፈጠን ብሎ። ከፍጥነቱ የተነሣ የእኔንም እንደሚያውቅ ገባኝ።

"እኔም ጀምሮኛል" አልኩ። የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አፏን መክፈቷ ነውር ነው። ነውሩ አንዴ ከተሠራ አይቀር በደንብ ይሠራ ብዬ በፊታቸው እስከ አጥሩ ሄድኩላቸው።

ትልቁ ሽማግሌ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አረማመዴን አጥንተው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

"እንግዲህ ልጃችን ቀስ ብሎ መሄድ ይልመዳ" አሉ።

አባቴ ሳቀ። እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ።